የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቀየር፦ የቆየ መኪና፣ በራስ ግቢ

የቴስታታ ጓርኒሲዮን በሞተሩ ብሎክና በላዩ እንደ ክዳን በሚቀመጠው ቴስታታ መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ሥራው ግን ከባድ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚነደውን ጋዝ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃና ወደ ላይ የሚወጣውን ዘይት እንዳይቀላቀሉ ለያይቶ ይይዛል። በቤንዚን ሞተር ነዳጁ ሲቀጣጠል ግፊቱ 50 ባር አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ እሳት ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ውሃ ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ይህ ስስ ነገር ብቻ ነው።

ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ ሁሉም የዚያው ቋንቋ ቃላት ናቸው። ጣሊያን አገራችን ውስጥ ከቆየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜና ከዚያም በኋላ ከነበሩ የጣሊያን ጋራዦች ወርሰናቸዋል። በእንግሊዝኛ ማኑዋልና በኢንተርኔት ላይ ግን ዕቃው ሄድ ጋስኬት ነው የሚባለው። ቪዲዮ የሚፈልግ ሰው በዚህኛው ስም ይፈልግ።

ለምን ስለ አሮጌ መኪና እንደምናወራ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤክስ የምንላት የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላ ዛሬም ትሠራለች። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ይዞ መቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ደግነቱ የእነዚህ መኪኖች ሞተር ቀላል ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱት እጅ የሚያስገባ ቦታ አለው። ኮምፒዩተር የሌላቸውም ብዙ ናቸው። በግቢ ውስጥ፣ በተራ ቁልፍና ቡሶላ፣ በትዕግሥት ቴስታታቸውን መክፈት ይቻላል።

ለምን ይቃጠላል?

ጓርኒሲዮን ዝም ብሎ አይቃጠልም። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው የሞተር መጋል አለ። የብዙ አሮጌ መኪኖች ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታቸው ግን አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ከሥሩ ያለው ብሎክ የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሁለቱ ብረቶች ጓርኒሲዮኑን መሃል ይዘው ይፋተጉበታል። በደህናው ቀን ይህን ይችለዋል። ሞተሩ ሲፈላ ግን ቴስታታው ይጣመማል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጥግ ጭነቱ ይላላና እሳቱ በዚያ በኩል መንገድ ያገኛል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ይህን አያደርግም። በጣም ርካሽ ዕቃ ነው፣ ግን ስንቱን ሞተር አስወርዷል! የዓባይን በረሃ ወይም የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣ ሰው ክዳኑን አስቀድሞ ቢያይ ጥሩ ነው።

ሌላው ችግር ቴርሞስታትን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል ነው። "ሞተሩ እንዳይሞቅ" ተብሎ የሚደረግ የቆየ ልማድ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጡት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ሞተሩ እንዳይሞቅ የተደረገው ነገር መልሶ ያሞቀዋል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጠቀምም እንዲሁ ጉዳት አለው። ዝገት ያመጣል፣ ዝገቱ የራዲያተሩን ስስ ቱቦዎች ይደፍናል።

ምልክቶቹ

ውሃ በየጊዜው ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አያቆምም። ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚደባለቅ የራዲያተር ፈሳሽ) የሚጠቀም መኪና ከሆነ ጭሱ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። የዘይት መለኪያውን ሲያወጡት ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እንደ ተነፋ ጎማ ይጠነክራል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል።

ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ። በጠዋት ብርድ ከማርሚታ የሚወጣ እንፋሎት የተለመደ ነው። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና በዘይት ክዳኗ ሥር ነጭ ቅባት ልትይዝ ትችላለች። እርግጠኛ ለመሆን የሲሊንደሮችን ኮምፕረሽን (ፒስቶኑ ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ማስለካት ይሻላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ፣ በመካከላቸው ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉን በጥብቅ ያመለክታል። ለቤንዚን ሞተር በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያም አለ። የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይቀየራል።

መክፈት

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። ማታ ቆሞ ያደረ መኪና ከሁሉም ይሻላል። ትኩስ ቴስታታ ብሎኑ ሲፈታ ሊጣመም ይችላል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ውሃው ይፈሳል። ኩላንት ከሆነ በባልዲ ተይዞ ይከደን። መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ልጅና ውሻ ባለበት ግቢ መሬት ላይ መተው አይገባም።

የሚነቀለውን ነገር ሁሉ በስልክ ፎቶ ማንሳት ትልቅ እርዳታ ነው። ሽቦዎቹ ላይ በፕላስተር ቁጥር ይጻፍባቸው። ታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስማማው ቀበቶ) ከመውጣቱ በፊት የአንደኛው ሲሊንደር ፒስቶን ላይኛው ጫፍ ላይ ይድረስ፣ የፋብሪካው ምልክቶችም ይግጠሙ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ታይሚንግ ከሳተ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

የቴስታታው ብሎኖች የሚላሉት ከዳር ወደ መሃል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው። አንዱን በአንድ ጊዜ ፈትቶ መጨረስ አይቻልም። ካርቶን ላይ ቀዳዳ ቀድዶ እያንዳንዱን ብሎን በነበረበት ቅደም ተከተል መሰካት ጥሩ ዘዴ ነው። ቴስታታው አልላቀቅ ካለ ደግሞ በሁለቱ ፊቶች መካከል ካቻቢቴ አይገባም። አሉሚኒየሙ ይጫራል፣ ያ ጭረት ነገ ውሃ የሚያልፍበት ቦይ ይሆናል። በእንጨት ወይም በላስቲክ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ማድረግ በቂ ነው። ለማንሳት ሁለት ሰው ይሁን። ወገብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ሥራ

ቴስታታው ከወረደ በኋላ ሰው ይቸኩላል። አዲሱ ጓርኒሲዮን ተገዝቶ መጥቷል፣ እሱን አስገብቶ መዝጋት ብቻ የቀረ ይመስላል። እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ ያለው እዚህ ነው እላለሁ።

የእኔ ዲኤክስ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጣ ፈላች። እኔም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩበት። ይህ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቆሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብኝ። ቤት ደርሰን ቴስታታውን ስናወርድ ለዓይን ምንም አልነበረውም። ንጹሕ፣ ልሙጥ፣ ቀጥ ያለ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ ደህና ነው፣ እንዝጋው" አልኩት የሰፈራችንን መካኒክ። እሱ መልስ አልሰጠኝም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጋደመበት። የስልኬን መብራት ከበስተኋላው አበራ። "ና ልጄ፣ ዝቅ ብለህ እይ።" በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን በማስመሪያው ሥር ያልፍ ነበር። ከስስ የብረት ቅጠል መለኪያዎቹ 0.10 የሚል የተጻፈበትን አንሥቶ ገፋ አደረገው። ሳይነካካ ሰተት ብሎ ገባ።

ለብዙ አነስተኛ የቶዮታ ሞተሮች ማኑዋሉ የሚፈቅደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የእኔዋ እጥፉን አልፋለች። ያን ዕለት ብንዘጋው አዲሱ ጓርኒሲዮን ብዙም ሳይቆይ ይቃጠል ነበር። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ቀጥ እስኪል ተላገ። እዚያ ለግፊት ምርመራ የሚሆን መሣሪያ ካለ አብሮ ማስፈተሽ ይገባል፣ ስንጥቅ በዓይን አይታይምና። በተለይ በቫልቮቹ መካከል ያለው ቦታ መሰንጠቅ ይወዳል። ላጊውም ልክ አለው። ብዙ ከተላገ ኮምፕረሽኑ ይጨምራል፣ በአንዳንድ ሞተሮችም ቫልቭ ከፒስቶን ይቀራረባል።

የብሎኩም ፊት በዚያው ማስመሪያ ይለካል። ከዚያ ማጽዳት ይመጣል። የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት በላስቲክ ወይም በማይጭር ቢላ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። በድሪል የሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ሥራውን ያፈጥናል፣ ግን አልመክረውም። ፊቱን ይቦረቡራል፤ አሸዋው ወደ ዘይቱ ገብቶ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመውን ዕቃ) ይበላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በድሮ ጓርኒሲዮኖች ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር። ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። ዕድሜው የማይታወቅ ጓርኒሲዮን በደረቁ አይፋቅ፣ በኮምፕረሰር አየርም አይነፋ። እርጥብ ተደርጎ ይጽዳ።

የብሎኖቹ ጉድጓዶችም ይታዩ። ከሥራቸው ድፍን የሆኑ ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል። ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል። በጨርቅ ማድረቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጓርኒሲዮኑን ስለ መምረጥ አጭር ነገር ልበል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ኦርጅናሉም ኮፒውም ይገኛል፣ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጣም አለ። የሞተሩን ቁጥር ከብሎኩ ላይ አንብቦ መሄድ ይሻላል። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፣ አንዱ ኮሮላ ከሌላው ኮሮላ የተለየ ሞተር ሊኖረው ይችላል። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ቀዳዳ በቀዳዳ ማስተያየት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ናፍጣ ከሆነ ውፍረቱም ይለያያል። ፒስቶኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው የሚመረጠው።

መግጠም

አዲሱ ጓርኒሲዮን ላይ የላይኛው ፊት ምልክት ካለ በዚያው ይቀመጥ። ከተገለበጠ አንዳንድ የውሃ ወይም የዘይት ቀዳዳዎች ሊደፈኑ ይችላሉ። ማኑዋሉ ካላዘዘ ማስቲሽ አይቀባም።

ብሎኖቹ አሁን ከመሃል ወደ ዳር ይጠብቃሉ፣ በደረጃ በደረጃ። እዚህ ላይ ቶርክ ሬንች (ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) የግድ ነው። "እጄ ያውቀዋል" የሚሉ የበሰሉ መካኒኮች አሉ፣ ችሎታቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን አሥሩን ብሎን በእኩል ኃይል ማጥበቅ ለእጅ ከባድ ነው። መሣሪያው ከሌለ ከጋራዥ መዋስ ይቻላል። ልኩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ከራሱ ከሞተሩ ማኑዋል ይወሰድ። አንዳንድ ሞተሮች ከተወሰነ ልክ በኋላ ብሎኑን በዲግሪ ማዞርን ይጠይቃሉ። እየተለጠጡ የሚያስሩ ብሎኖች ከሆኑ ደግሞ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ድጋሚ መጠቀምን ይከለክላሉ።

ታይሚንግ ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። የሚያግድ ነገር ካለ ያኔውኑ ቆሞ ማየት ነው። ቺንጋውና የውሃ ፓምፑ ያረጁ ከሆነ አብረው ይቀየሩ፣ እስከዚህ ተፈትቶ መመለስ ያስቆጫል። ዘይትና ፊልትሮም አዲስ ይሁኑ፣ ውሃ የነካው ዘይት ኩሽኔታ ያበላሻልና። ሞተሩን ያስፈላው ምክንያትም ሳይገኝ መኪናው አይነሳ። የእኔዋ ላይ ጥፋተኛው ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ነበር።

ውሃው ሲሞላ በውስጡ አየር እንዳይቀር ክዳኑ ተከፍቶ፣ የካቢኑ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሞተሩ በቀስታ ይሥራ። አረፋ ብልጭ ብልጭ ብሎ ያቆማል፣ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ትንሽ ጭስ ይኖራል፣ ማርሚታ ውስጥ የቀረው ውሃ እስኪደርቅ ነው።

ድሮ በነበሩት ጓርኒሲዮኖች ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠብቁ ነበር። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፉት ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጓርኒሲዮኖች ይህን በአብዛኛው አይፈልጉም። ያንተኛው የትኛው እንደሆነ ከማሸጊያው ላይ ይነበባል።

የመጀመሪያው ጉዞ በሰፈር ውስጥ ይሁን፣ ዓይን ከሙቀት መለኪያው ሳይነሳ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት። የእኔዋን ስከፍት፣ ጋዝ ገብቶ ግፊት ሲያድር የሚሰማው የ"ፍሽሽ" ድምፅ አልነበረም። ውሃው ማታ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም፣ የላይኛው ቱቦም በእጄ ስጨብጠው ለስላሳ ነበር።