«ለጊዜው ቀላል ባቡር ይበቃናል» ለምትሉ

ስለ ከተማ ባቡር በተቀመጥኩበት ስብሰባ ሁሉ ይህን እሰማለሁ፦ «አሁን በመንገድ ላይ የሚሄድ ቀላል ባቡር እንዘርጋ፤ ሕዝቡ ሲበዛ በድልድይ ላይ እናወጣዋለን።» መስማት ሰልችቶኛል። ትናንሾቹን ስሕተቶች ላስቀድም።

«ቀላል» የተባለው ክብደቱ አይደለም፤ የማጓጓዝ አቅሙ ነው።

በድልድይ ላይ የሚሄድ ሁሉ ሜትሮ፣ ማለትም በራሱ መስመር ብቻ የሚሄድ ብዙ ሰው የሚጭን የከተማ ባቡር፣ ነው? አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የማኒላ የመጀመሪያ መስመር በድልድይ ላይ ነው፤ የሚሄድበት ግን ቀላል ባቡር ነው። የለንደኑ ዶክላንድስም (1987) ስሙ ቀላል ባቡር ሆኖ ያለ ሾፌር ይነዳል። ስሙን ተዉትና «ከመኪና ጋር መንገድ ይጋራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው። መንገድ ላይ የሚሄድ ባቡርን አቅም የሚወስነው መንገዱ ነው። በአሜሪካዋ ፖርትላንድ መሐል ከተማ በሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል ያለው ርቀት 61 ሜትር ገደማ ስለሆነ ባቡሩ ከሁለት ፉርጎ አያልፍም፤ ሦስተኛ ቢቀጠል ጅራቱ መስቀለኛውን ይዘጋል። ምልልሱን እናብዛ ቢባል ደግሞ ተሻጋሪው መኪና መብራት አያገኝም። 300 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ5 ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት 3,600 ሰው ነው። መንገድ የማይጋራ፣ 600 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ2 ደቂቃው ቢመጣ 18,000 ነው።

«በኋላ እናወጣዋለን» ማለት ሌላ ባቡር መሥራት ማለት ነው። ዝቅተኛ ወለል ላለው ባቡር የተሠራ መሳፈሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ የሜትሮው አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ቀላል ባቡር የሚታጠፍበትን ጠባብ ኩርባ የሜትሮ ረጅም ፉርጎ አይታጠፈውም። የድልድዩ ምሰሶ የሚተከለው ደግሞ ሰው እየተጓዘበት ባለው መስመር ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቅድ እንድመረምር ተሰጥቶኝ «ምሰሶው ሲተከል ተሳፋሪው በምን ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። የመለሰልኝ አልነበረም። ንድፉ ላይ የወደፊቱ ድልድይ በነጠብጣብ መስመር ተሥሏል፤ ለምሶሶው የሚሆን ቦታ ግን በሕንጻዎቹ መካከል አልነበረም።

ድልድይ ሁልጊዜ ይሻላል አላልኩም። በሰዓት 3,000 ሰው ለሚጓዝበት መስመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ አሳንሰሩ ሲበላሽም አረጋውያን ደረጃ ይወጣሉ። ስለዚህ የቀኑን ድምር ትታችሁ፣ በተጨናነቀው ሰዓት በተጨናነቀው ክፍል የሚያልፈውን ሰው ቁጠሩ። መሳፈሪያውን ከመጀመሪያው ተጨማሪ ፉርጎ እንዲቆምበት አስረዝሙት። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ደግሞ መጀመሪያ በድልድይ የምታሻግሩት የመሐል ከተማውን መስቀለኛ መንገዶች ይሁን፤ ዳር ዳሩ መሬት ላይ መቆየት ይችላል።