ሐይቁ ላይ ትዝታ አትጫኑበት

ደሴ ሰርግ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው። ሥራ በሌለኝ ቀን ወደ ሐይቅ ከተማ ወርጄ የሐይቁን ውሃና ጭጋግ ቀርጬ እለጥፋለሁ። ያለ ሙዚቃ። አንዱ ወዲያው ይመጣል፦ «ወንድሜ፣ ድምፁ ተበላሽቶብህ ነው? ትዝታ ጣል አድርግበት እንጂ!»

አንዴ ልመልስና ልረፍ።

«የተፈጥሮ ቪዲዮ ያለ ሙዚቃ አይሆንም።» ወሎ ተቀምጦ ይህን መቃወም ከባድ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በእኛው አገር ስም ነው የሚጠሩት። ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም። ግን ትዝታ ሰው አያረጋጋም፤ ሆድ ያባባል። ሥራው እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አምና የሐይቅን ንጋት ትዝታ ጭኜበት ላኩላት። ስታለቅስ አደረች። አክስቴ ደውላ የተቆጣችኝን ቁጣ አልረሳውም። ያንኑ ቪዲዮ ሙዚቃውን አውጥቼ መልሼ ላኩት። ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ ከሩቅ ደግሞ አንድ ውሻ ይጮሃል። በውሻው አፍሬ «ቆርጬ ልላክልሽ?» አልኳት። «አብሽር፣ እንዳትነካው! እሱን እየሰማሁ ነው የምተኛው» አለችኝ።

ሰው ወደ ሙዚቃ የሚሮጠው የቀረጸው ድምፅ ስለሚያስጠላው ነው። ነፋሱ የስልኩን ማይክ ይመታና ሁሉም ነገር ጉርምርምታ ይሆናል። ታዲያ ነፋስ ሳይነሳ ሂዱ፤ ጠዋት 12:30 ላይ ውሃው ዳር ድረሱ። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ማይኩ ላይ ስስ ስፖንጅ አድርጉበት። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉት፣ እጃችሁን አትመኑ። ከዚያ ዝም በሉ። ጓደኛችሁም ዝም ይበል። (ይህ ነው ከሁሉም የሚከብደው።)

«ከ15 ሰከንድ በላይ ማንም አያይም።» ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ2009 ከበርገን ኦስሎ የሚሄደውን የባቡር ጉዞ ከ7 ሰዓት በላይ በቴሌቪዥን አሳይተዋል። ቢያንስ የተወሰነውን ክፍል ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። አንድ ደቂቃ ምን አላት?

«ይህን ቪዲዮ ያየ ከበሽታው ይድናል።» እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 46 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ በመስኮት ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት በአማካይ አንድ ቀን በማይሞላ ልዩነት ቀድመው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። በቃ፣ ይኸው ነው። ያዩትም በመስኮት እንጂ በስልክ አይደለም። ቪዲዮ ትንሽ ያሳርፋል፤ መድኃኒት አያስጥልም።

«ውድ ካሜራ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም።

«ቴሌግራም ጥራቱን ይገድለዋል።» እንደ ፋይል ላኩት፣ አይነካውም። ሞገድና ቅጠል ሲጨመቁ ቶሎ የሚበላሹ ነገሮች ናቸው።

«ውሃ ያው ውሃ ነው፣ የየትም ቢሆን ምን ችግር አለው?» በቀደም አንዱ በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ያለ ሰማያዊ ሐይቅ ለጥፎ «ሐይቅ፣ ወሎ» ብሎ ጻፈበት። ሺህ ሰው ወደደው። አጎቴ ስልኬን ተቀብሎ መነጽሩን አስተካክሎ ብዙ አየው። ሐይቅ ተወልዶ ሐይቅ ያረጀ ሰው ነው። «ይኼ በየት በኩል ነው?» አለኝ።