ያልተገኘን ግኝት ማቀድ ይቻላል?

በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የወጣው የመንግሥት አፈጻጸምና ውጤት ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚለካ ዓመታዊ ግብ እንዲያወጡ፣ በኋላም ክንውናቸውን ከግቡ ጋር አነጻጽረው ሪፖርት እንዲያደርጉ ያዝዛል። ጡረታ ለሚከፍል መሥሪያ ቤት ነገሩ ቀላል ነው፤ ስንት ሰው በወቅቱ እንደተከፈለው ይቆጥራል። ተመራማሪ ግን ገና ያላወቀውን ነገር በዚህ ዓመት አገኛለሁ ብሎ እንዴት ይፈርማል?

ሕጉ ለዚህ መውጫ አለው፤ ስሙም «አማራጭ አቀራረብ» ነው። ግቡን በቁጥር መግለጽ የማይቻል ከሆነ፣ የመሥሪያ ቤቶችን በጀትና አፈጻጸም በሚከታተለው የፕሬዚዳንቱ የሥራ አመራርና በጀት ቢሮ ፈቃድ ስኬታማ ፕሮግራም ምን እንደሚመስል በቃላት መግለጽ ይቻላል። ለምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ተቋም፣ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ በዚህ መንገድ ሠርቷል፤ ሥራው ከመግለጫው ጋር መመጣጠኑንም የውጭ ባለሙያዎች ኮሚቴዎች መዝነውለታል።

ብዙዎች ይህን ከመለካት ነጻ መሆን አድርገው ይረዱታል። ስሕተት ነው። መግለጫው ገለልተኛ ሰው አንብቦ «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» ብሎ ሊፈርድበት የሚችል መሆን አለበት። «የሳይንስን ድንበር እናሰፋለን» የሚለው ያማረ ዓረፍተ ነገር በዚህ ሚዛን ይወድቃል፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልምና። የታተሙ ጽሑፎችን መቁጠርም፣ የሚወደድ አቋራጭ ቢሆንም፣ የሚናገረው ስለ ተሠራው ሥራ እንጂ ሥራው ስላመጣው ለውጥ አይደለም።