የሶዳ እሳት፣ ሻካራ ሸክላና የጭቃ ቅብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ወለቃ ይገኛል። የቤተ እስራኤል ሴቶች ለትውልድ ሸክላ የሠሩበት መንደር ነው። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሥራው አልቆመም። አሁን ሸክላ የሚማሩ ወጣቶች ስለ ሶዳ እሳት እየሰሙ ይጠይቃሉ። የእቶኑ ሙቀት ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሲደርስ ሶዳ፣ ለምሳሌ ለዳቦ የሚሆነው ዱቄት፣ ይጨመርበታል። ሶዲየሙ ተንኖ በነበልባሉ እየተነዳ ይሄድና በሸክላው ውስጥ ካሉት ሲሊካና አሉሚና ከሚባሉ ማዕድናት ጋር ተዋህዶ በዕቃው ገጽ ላይ መስታወት ይሆናል። ስለዚህ ሥራ ከሚነገረው ብዙው ግን ትክክል አይደለም።

«ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ ከእሳት ጋር ምሥጢር አለው»

ይህን ቃል ዛሬም የሚያወጡ አሉ። ለዘመናት ሠሪዎችን ከመሬት፣ ከጋብቻና ከማዕድ ያራቀ ሐሰት ነው። አፈር መምረጥ፣ ማቡካት፣ ማድረቅ፣ የእሳቱን መልክ አይቶ ጊዜውን ማወቅ ከእናት ለልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው። ሶዳም ሆነ ኩበት፣ እሳቱ የሚሠራው በኬሚስትሪ ነው።

«የወለቃ ጭቃ ሶዳ እቶን ቢገባ ይበልጥ ይጠነክራል»

አይጠነክርም፤ ይበላሻል። ጀበናውና ምጣዱ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ሲተኮሱ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ በታች ነው። ብረት የበዛበት አፈር በዚያ ሙቀት ግሩም ሸክላ ይወጣዋል። 1200 ሲደርስ ግን ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ አንዳንዱም ቀልጦ ከመደርደሪያው ጋር ይጣበቃል። ይህ ግን ለአፈሩ ነውር አይደለም። ምጣድ እሳት ላይ ውሎ የማይሰነጠቀው በከፊል ገላው ቀዳዳማ ስለሆነ ነው። በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰና የታመቀ ዕቃ ቀጥታ እሳት ላይ ቢጣድ የመሰንጠቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ያው አፈር ተበጥብጦ፣ በጥሩ ወንፊት ተጠልሎ፣ ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ሌላ ሸክላ ላይ በስሱ ሲቀባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ የሚቀልጥ መሆኑ እዚህ ጥቅም ይሆናል። ብረቱ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር የሚያደላ አንጸባራቂ ገጽ ይሰጣል። የጎንደር አፈር በሶዳ እቶን ውስጥ ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው እላለሁ፤ ከሩቅ የመጣ ቅብ ከመግዛት በፊት የግቢን አፈር መሞከር ይቀድማል።

«የጭቃ ቅብ ቀለም ነው፤ ነጩ ሁሉ አንድ ነው»

ስሊፕ የሚባለው ይህ ቅብ ራሱ ሸክላ ነው፤ መልኩን የሚወስነው በውስጡ ያለው የአሉሚናና የሲሊካ መጠን ነው። ሲሊካ የበዛበት ሶዳውን ተቀብሎ ያብረቀርቃል። አሉሚና የበዛበት ይቋቋመዋል፤ ደብዛዛ ይሆናል፣ ጥቂት ብረት ካለበትም ብርቱካናማና ወርቃማ ነጸብራቅ ያወጣል። ለዚህ ዋናው ግብዓት ካኦሊን የሚባለው ነጭ የሸክላ አፈር ነው፤ ደብረ ታቦር አካባቢም ይገኛል። ለጀማሪ የምመክረው ካኦሊንና ፌልድስፓር (ቅቡን እንዲቀልጥ የሚረዳ ማዕድን) 90 ለ10፣ 80 ለ20፣ 70 ለ30 መዝኖ ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ነው። ሸክላው ጠፈፍ ሲል የተቀባ ከገላው ጋር አብሮ ይኮማተራል። አንዴ በተተኮሰ ዕቃ ላይ ያው ቅብ ሊላላጥ ይችላል፤ ለዚያ ከካኦሊኑ ከፊሉን አስቀድሞ ማቃጠል ይረዳል።

«ጌጡ በጠለቀ ቁጥር ያምራል»

የሶዳው መስታወት ስስ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጠርዙ ላይ ይሳሳል፤ ውበቱ ያለው በዚህ ልዩነት ነው። በጣም የጠለቀ ቦይ ትነቱ ሳይደርሰው ደረቅ ሊቀር ይችላል፤ ቅቡ ከወፈረ ደግሞ ቀጭኑ ጭረት ይደፈናል። ቅቡ እንደ ቀጭን እርጎ ይሁን። በሰፌድ፣ በገመድ ወይም በበቆሎ ቆረቆንዳ የታተመ ገጽ ለዚህ እሳት ልክ ነው። ከሁሉም የሰፌዱን እወዳለሁ፤ እያንዳንዷ ስፌት ሶዳውን ለብቻዋ ትይዛለች።

«ጨውና ሶዳ አንድ ናቸው»

ሁለቱም ሶዲየም ይሰጣሉ። የጨው እሳት በጀርመን ራይን ወንዝ አካባቢ የቆየ ጥበብ ሲሆን፣ ሶዳው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአማራጭነት የተስፋፋ ነው። ጨው በእቶን ውስጥ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ ያወጣል፤ ሶዳ ይህን አያወጣም። ትነቱ ግን እንደ ጨው በእኩል አይዳረስም፤ ነበልባሉን ይከተላል። የጽዋው ውስጥ ስለማይዳረስ በእሳት መስታወት በሚሆን ቅብ (ግሌዝ) ለብቻው መቀባት አለበት።

«ለዳቦ የሚሆን ሶዳ ምን ይጎዳል?»

ዱቄቱን መተንፈስም ሆነ ከእቶኑ የሚወጣውን ትነት መቅረብ ይጎዳል። የደረቀ ቅብና ካኦሊን ሲበጠበጥ የሚነሳው ብናኝ ደግሞ ሲሊካ ስላለበት ሳንባን ለዘለቄታው ያበላሻል። ጭምብል ግድ ነው፤ ሥራው ውጭ ይሁን። በኤሌክትሪክ እቶን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሶዳው ማሞቂያ ሽቦውን ይበላዋል።

«አንድ የሙከራ ቁራጭ ይበቃል»

አይበቃም። ነበልባሉ ያገኘው ጎን ሲያብረቀርቅ ጀርባው ደረቅ ይቀራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅብ ቢያንስ ሦስት ቁራጭ፣ የቆመና ግማሹ ሻካራ ግማሹ ለስላሳ ሆኖ ይሠራ። አንዱ እሳቱ አፍ ላይ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ጭስ መውጫው ጋ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ሥር ከአሉሚናና ከካኦሊን የተድቦለቦለ ትንሽ ጭቃ ይደረግ፤ ያለዚያ ከመደርደሪያው አይላቀቅም። የቅቡ ቁጥርና የተቀመጠበት ቦታ ከመግባቱ በፊት በብረት ኦክሳይድ ጀርባው ላይ ይጻፍ፤ የእርሳስ ጽሑፍ በእሳቱ ይጠፋል።