የረጅም ጊዜ የክትትል ጥናት ምንድን ነው?

ሰሞኑን በርጫ ላይ አንድ ሰው እንዲህ አለ፤ «አጎቴ ካናዳ ነው ያለው። ሀንቲንግተን የሚባል የዘር በሽታ አለበት። ስንት ዓመት ሙሉ ጥናት ውስጥ አስገብተውት አንድ ፍሬ ኪኒን አልሰጡትም። መሞከሪያ ነው ያደረጉት!» የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አቦ፣ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰማሁት።

ለአጎቱ ማዘኑ ይገባኛል። ግን ንግግሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ክሶች አሉ። ምንም ካልሰጡት ምን እየሞከሩበት ነው? አጎቱ ያለው የክትትል ጥናት ውስጥ ነው፤ የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ፈቃድ፣ የተለያየ ቅጽ፣ የተለያየ አደጋ አላቸው። በመድኃኒት ሙከራ አንዳንዱ መድኃኒቱን፣ አንዳንዱ መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ በዕጣ ይለያሉ። በክትትል ጥናት የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ሰውየው በየዓመቱ ይመጣል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የራሱ ሐኪም የሚሰጠውን ሕክምና ማንም አይነካበትም። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ እዚሁ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የምሠራው ክትትል ነው፤ የነርቭ ሐኪም አይደለሁም። የሚገርመኝ ነገሩ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቀርሳ ላይ ከ2007 ጀምሮ (ለይቼ ካልጻፍኩ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አካባቢውን ለቅቆ እንደሄደ ይመዘግባል። የቀርሳ ሰው «መዝጋቢው መጣ» ይላል እንጂ «ሊያክመኝ መጣ» አይልም። በዘር በሽታ ላይ ሲሆን ግን ተስፋው ትልቅ ስለሆነ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል።

በሽታውን በአጭሩ ልበል። ሀንቲንግተን በአንድ ጂን (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር መመሪያ) ስህተት የሚመጣ የአንጎል በሽታ ነው። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ታላቁ ከወሰደው ታናሹ ይተርፋል የሚባል ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሰውነት ሳይታዘዝ ይወራጫል፣ ሐሳብ ይዘገያል፣ ጠባይ ይለወጣል፤ መንገድ ላይ ያየው ሰው «ሰክሯል» ይላል። እንቅስቃሴውን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። በሽታውን የሚያስቆም ተፈቅዶ ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ግን የለም።

ታዲያ መድኃኒት ከሌለ መለካቱ ምን ይሠራል? ድሬ ላደገ ሰው በደቻቱ ላስረዳ። ደቻቱ፣ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ወንዝ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው፤ ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብንን ማንም አልረሳም። አሁን አንድ ሰው ወንዙ ውስጥ የውሃ መለኪያ ተክሎ በየክረምቱ ቁመቱን ይመዘግባል እንበል። መለኪያው ጎርፍ አያቆምም። «ይህን ሁሉ ዓመት ለክታችሁ ጎርፉን አላቆማችሁትም» ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ግን ለማቆም አልተተከለም። ግንብ የሚሠራው መሐንዲስ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ውሃው እስከ ስንት ይደርሳል?» ነው። ግንቡን ከሠራም በኋላ ያ ክረምት ያለ ጎርፍ ቢያልፍ፣ ግንቡ ነው ያዳነን ወይስ ዝናቡ አነሰ? የድሮ መዝገብ ከሌለ ማንም አይመልሰውም።

ሀንቲንግተንም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም በዝግታ ነው የሚሄደው። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው፤ መድኃኒት ተሰጥቶት ባለበት የቆየ ሰው ያለ መድኃኒትም ይቆይ እንደነበር የሚነግረን ቀድሞ የተለኩት ሰዎች መዝገብ ነው። ደግሞ ደንገጎ ላይም፣ ማለትም ጎርፉ ከተማ ሳይደርስ፣ መለካት አለበት። ፕሬዲክት-ኤችዲ እና ትራክ-ኤችዲ የተባሉት ጥናቶች ያደረጉት ይህንን ነው፤ ጂኑ ያለባቸውን ግን ገና ያልታመሙትን ሰዎች ተከተሉ። የአንጎል ለውጥ ሐኪም «ጀምሯል» ከማለቱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ እንደሚታይ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ጂኑ የሌለባቸው የትዳር ጓደኞችና ዘመዶችም ይለካሉ፤ ጎርፍ የማይወርድበትን ወንዝ እንደመለካት ነው። ማንም ሰው በ50 ዓመቱ ከ30 ዓመቱ ይዘገያልና፣ የዕድሜውን ከበሽታው መለየት የሚቻለው በእነሱ ነው።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። የተተከለ ብረት አይደክመውም፣ ተስፋም አያደርግም። ሰው ግን ሁለቱም አለበት።

ቀጠሮው ራሱ ምን እንደሚመስል ባያችሁ። «ምላስህን አውጣና እስክነግርህ አታስገባ» ይባላል፣ 10 ሰከንድ። ቀላል ይመስላል፤ ሀንቲንግተን ያለበት ሰው ምላስ ግን ሳያዘው ተመልሶ ይገባል። ቀጥሎ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ቶሎ ቶሎ ማነካካት፣ ተረከዝን ከጣት ጫፍ እያስነኩ መራመድ። ከዚያ አንድ ወረቀት ይሰጣል፤ አናቱ ላይ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቁጥር አለው፣ ታች ያሉት ምልክቶች ባዶ ናቸው፣ በ90 ሰከንድ የቻልከውን ያህል ቁጥራቸውን ትሞላለህ። ገንዘብህን ራስህ ትይዛለህ ወይ፣ ሥራህን ችለሃል ወይ ተብሎም ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ አብሮ የመጣውም ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ሰውየው ራሱ ለውጡን ላያየው ስለሚችል።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሙያ አመል ነው። ያን የ90 ሰከንድ ፈተና ሁለተኛ ጊዜ የሠራ ሰው ከመጀመሪያው የተሻለ ሊሠራ ይችላል፣ ስለለመደው ብቻ። ስለዚህ ውጤቱ ባለበት የቆመ ሰው ከሥር እየወረደ ሊሆን ይችላል፤ ልምምዱ ሸፍኖት ነው። ይህን ሳያገናዝብ «ተሻሽሏል» የሚል ሰው ቤተሰቡን ያሳስታል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የሚጠፋው ሰው ነው። ጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ «ሎስት» (ከክትትል የጠፋ) የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የክትትል ጥናት የሚሞተው በሎስት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠፉት ደግሞ የባሰባቸው ናቸው፤ መራመድ ያቃተው፣ የሚያመጣው ዘመድ የደከመበት፣ ድብርት ውስጥ የገባ። እነሱ ሲቀሩ መዝገቡ ላይ የሚተርፉት ደህና ደህናዎቹ ይሆናሉና በሽታው ከእውነቱ ይልቅ የቀለለ ይመስላል። ከዚያ አንድ መድኃኒት የሚነጻጸረው ከዚህ ከተዛባ መዝገብ ጋር ነው።

መነጻጸሩ የወሬ አይደለም። ኢንሮል-ኤችዲ የሚባለው ጥናት ከ2012 ጀምሮ በብዙ አገሮች ከ20,000 በላይ ሰው መዝግቧል። በሴፕቴምበር 2025 ዩኒኪዩር የተባለ ኩባንያ ኤኤምቲ-130 የተሰኘውን የጂን ሕክምናውን የ3 ዓመት ውጤት ሲያወጣ፣ ከፍተኛውን መጠን በወሰዱት ሰዎች ላይ የሕመሙ መባባስ በ75 በመቶ ዘግይቷል አለ። ከማን ጋር ሲነጻጸር? ኢንሮል-ኤችዲ ውስጥ በየዓመቱ እየመጡ ከተለኩት፣ ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች ጋር። የዚያ ሰውዬ አጎት በዓመት አንድ ቀን ሰጥቶ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ዓይነት ነው። ደስታችሁን ግን ያዝ አድርጉት፤ ከፍተኛውን መጠን ወስደው 3 ዓመት የሞላቸው 12 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ማነጻጸሪያዎቹም በዕጣ የተለዩ አይደሉም፣ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪም በኋላ ይህ ንጽጽር በቂ መሆኑን ተጠራጥሯል። ሰዎች በዕጣ የተለዩበት፣ ቶሚነርሰን የተባለው የሀንቲንግተን መድኃኒት ትልቅ ሙከራም በማርች 2021 ሳይጠናቀቅ ቆሟል፤ ብዙ ቤተሰብ ልቡ የተሰበረበት ጊዜ ነበር።

የጥርጣሬው ሥር ግን ባዶ አይደለም፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ጂኑ የተገኘው በድሃ ሰዎች ደም ነው። ቬኔዝዌላ ውስጥ በማራካይቦ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከእነ ናንሲ ዌክስለር ጋር ለዓመታት ተባብረው፣ በ1983 ጂኑ ያለው ክሮሞዞም 4 ላይ መሆኑ ታወቀ፣ በ1993 ጂኑ ራሱ ተለየ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ግን በድህነታቸው ቀሩ። «እኛስ ምን አገኘን?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ አጥኚው መልሱን ከፊርማ በፊት መስጠት አለበት። መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ ለራሱ ለተሳታፊው የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ፣ ምናልባት የሚጠቀሙት ልጆቹ እንደሆኑ በግልጽ ይነገር። ይህን ደብቆ ያስፈረመ ሰው ካለ ያኔ ማጭበርበር የሚለው ቃል በትክክል ይገባዋል።

ሌላው ስህተት «ጥናቱ ውስጥ ከገባሁ ጂኑ እንዳለብኝ ይነግሩኛል» የሚለው ነው። አይነግሩም። ደሙ በመለያ ቁጥር ይመረመራል፣ ውጤቱ ለጥናቱ ይቀራል። ማወቅ የሚፈልግ አዋቂ ሰው በሌላ በር፣ ከምክር አገልግሎት ጋር ይመረመራል። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ጂኑ ውስጥ ሲኤጂ የሚባሉት ሦስት የጂን ፊደላት 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደጋገሙ፣ ዕድሜ ለሰጠው ሰው በሽታው አይቀርም፤ መቼ እንደሚጀምር ግን ቁጥሩ በትክክል አይናገርም። እንዲህ ያለውን ዜና ሳይፈልግ የሚሰማ ሰው መኖር የለበትም። ዜናው የአንድ ሰው ብቻም አይደለም፤ በእናቱ በኩል ያሉት አያቱ የታመሙበት ልጅ ተመርምሮ ከተገኘበት፣ ያልተመረመረችው እናቱም እንዳለባት በዚያው ታወቀ። ለጋብቻ ዘር በሚጠየቅበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እና ዘመድ ውጭ አገር እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ካላችሁ፣ ወይም አንድ ቀን እዚህ ከተጠየቃችሁ፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ማቆም መብታችሁ ነው፣ የዘወትር ሕክምናችሁም አይቀርባችሁም። ስታቆሙ ግን ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ደውሉና «መምጣት አቃተኝ» ወይም «ሰለቸኝ» በሉ። ለመዝጋቢው ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ «አቃተኝ» ላለው ደግሞ ቤቱ ድረስ መሄድ ወይም በስልክ መጠየቅ ይቻል ይሆናል።