የኢትዮጵያና የግብፅ የቆዳ ስፋትና የመሬት አጠቃቀም

ኢትዮጵያና ግብፅ በቆዳ ስፋታቸው ከሚቀራረቡ የአፍሪካ አገሮች መካከል ናቸው። የግብፅ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 1,001,450 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ሲጠቀስ፣ ለኢትዮጵያ ግን 1,104,300 የሚለውም 1,127,127 የሚለውም አኃዝ በየመጽሐፉ ይገኛል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከመሆኗ በፊት በታተሙ መጻሕፍት ላይ 1,221,900 የሚል ቁጥር ስለሰፈረ፣ የቆየ መጽሐፍ ይዞ የሚያነጻጽር ሰው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ወደ እጥፍ ገደማ አግዝፎ ያየዋል።

በግብፅ በኩል ድምሩን የሚያከራክረው የሐላይብ ማዕዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የተደረገው ስምምነት የግብፅንና የሱዳንን ድንበር በ22ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ ሲያሰምር፣ በ1902 የተሰመረው የአስተዳደር ወሰን ግን ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ይህን ምድር ለሱዳን ሰጥቶታል፤ ዛሬ ቦታው በግብፅ እጅ ነው፣ ሱዳንም ጥያቄዋን አልተወችም። በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለው የአል ፋሽቃ ጉዳይ በአንጻሩ ምልክቱ በመሬት ላይ በወጉ ተተክሎ ያላለቀ የወሰን ነገር ሲሆን፣ የአገሪቱን ጠቅላላ ስፋት ይህን ያህል የሚለውጥ አይደለም።

የሁለቱ አገሮች ዝቅተኛ ቦታዎች በጥልቀት ይመሳሰላሉ፤ የግብፅ የቃጣራ ረባዳ ከባሕር ወለል በታች 133 ሜትር፣ የእኛው የዳናክል ረባዳ ደግሞ 125 ሜትር ገደማ ይወርዳል። መንገዳቸው የሚለያየው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በሲና የሚገኘው የካትሪን ተራራ ከ2,600 ሜትር እምብዛም ሳይርቅ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። የኢትዮጵያ ገበሬ ምን እንደሚዘራ የሚወስነውም በዋናነት ይኸው ከፍታ ነው፤ በቆላው ማሽላና ሰሊጥ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆሎና ቡና፣ በደጋው ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይበቅላል፣ ከዚያ በላይ ባለው ውርጭ ደግሞ ከገብስና ከግጦሽ በቀር ብዙ የሚጠበቅ የለም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ያለው የእንሰት እርሻም በዚህ አከፋፈል ውስጥ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው። የሚታረሰው መሬት ከአገሪቱ ስፋት 15 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ግጦሹ ሲጨመርበት ከሲሶው በላይ ይሆናል።

ግብፅ ከፍታን ሳይሆን ውኃን ትከተላለች። በካይሮ የሚጥለው ዝናብ በዓመት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህም ከግብፅ ምድር የሚታረሰው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝቧም በአብዛኛው በዚያው በዓባይ ሸለቆና በደለል ሜዳው ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ይሁን እንጂ ያ ጠባብ መሬት ከሞላ ጎደል ሁሉም በመስኖ የሚለማ በመሆኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፤ በቀዝቃዛው ወራት ስንዴና በርሲም የሚባለው የከብት መኖ፣ በሞቃቱ ወራት ሩዝ፣ በቆሎና ጥጥ ይዘራበታል። በኢትዮጵያ በአንጻሩ ከሚታረሰው መሬት በመስኖ የሚለማው ጥቂቱ ነው፣ ገበሬውም ዛሬም ሰማይ ሰማይ ያያል።

ይህ የግብፅ አፈር ከየት እንደመጣ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ወደ አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነው፤ ደለሉም በአመዛኙ በጥቁር ዓባይና በተከዜ በኩል የወረደ የደጋ አፈር ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጠናቆ ደለሉ ከኋላው መቅረት ሲጀምር፣ ለጡብ ሥራ የእርሻ አፈር መግፈፍ የማይተካ ጉዳት ሆነ፤ በ1980ዎቹም በሕግ ተከለከለ።

በመሬት መለኪያ ረገድ ሁለቱ አገሮች ሳይመካከሩ ተገናኝተዋል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን፣ አራቱ ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል። የግብፁ ፈዳንም በዐረብኛ መነሻው ያው የተጠመደ በሬ ነው፤ ዛሬ 4,200 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ በ24 ቂራት ይከፈላል። የእነርሱ በሬ ከእኛው በሬ ለምን እንደፈጠነ አፈሩን ያየ ይመልሰው። ከፍ ያለው የእኛ መለኪያ ጋሻ ነው፤ 40 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቃላድ ገመድ እየተለካና ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ግብር ይጣልበት ነበር።

የመሬት ሥሪቱ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን በአብዛኛው ርስት፣ በደቡብ ባለመሬትና ጭሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን በ10 ሄክታር፣ ማለትም በሩብ ጋሻ ወሰነ፤ መሸጥን፣ ማከራየትንና ማስያዝን ከለከለ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይከፍለው የነበረውን ሁሉ ሰረዘ። አፈጻጸሙ ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ፤ ለዚህም ሥራ በእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ ተማሪዎች በየቀበሌው ማኅበራቱን አቋቁመዋል። አዋጁ ምርትን አሳድጓል ወይስ ይዞታን አበጣጥሷል የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ጭሰኝነትን ማስቀረቱን ግን የሚክድ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት መሆኑን አጸና። ግብፅ ደግሞ የግል ባለቤትነትን ሳትነካ ጣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1952 በ200 ፈዳን፣ በ1961 በ100፣ በ1969 በ50 ፈዳን ወስናለች።

ደንን በተመለከተ በግብፅ የሚነጻጸር ነገር የለም ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ደን ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት 40 በመቶ እንደነበር በሰፊው ቢነገርም፣ መሠረቱን የተጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ዛሬ የሚሰጠው 15 በመቶ የሚያህል አኃዝም በከፊል ደን ለሚለው ቃል ከተሰጠው አዲስ ትርጉም የመጣ ነው።

ከተሞች የሚሰፉበት አቅጣጫ ሁለቱን አገሮች ዳግም ይለያቸዋል። ግብፅ የእርሻ መሬቷን ለማዳን አዲሱን የአስተዳደር ከተማዋን ከካይሮ በስተምሥራቅ በረሃ ላይ ስትገነባ፣ አዲስ አበባ ግን ዙሪያዋን በአብዛኛው ማሳ የከበባት በመሆኗ፣ እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች የቆሙት ገበሬ ሲያርሰው በነበረ መሬት ላይ ነው።