ስለ ጠማማው መጠጥ ቤት የሚወሩ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር፣ ስታፎርድሻየር ውስጥ፣ አንድ ያጋደለ መጠጥ ቤት ነበር። «ክሩክድ ሃውስ» ይሉታል፤ ጠማማው ቤት። እ.ኤ.አ. በ1765 ለገበሬ መኖሪያ ተሠራ፤ በ1830 ገደማ መጠጥ ቤት ሆነ። በኦገስት 2023 ተቃጥሎ ፈረሰ። ወሬው ግን እስካሁን አላባራም፤ ግማሹም ስህተት ነው።

«ግንበኛው ነው ያበላሸው።»
ምስኪን ግንበኛ! አካባቢው የድንጋይ ከሰል አገር ነው። ከሥሩ ሲቆፈር መሬቱ ሰመጠ፤ የቤቱ አንድ ጎን ከሌላው 1.2 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በ1940ዎቹ ይፍረስ ተብሎ ነበር። አንድ የቢራ ኩባንያ በግንብና በብረት ደግፎ አተረፈው። ጥሩነቱ፣ ላቃናው አላለም። ሰዉ የሚጎርፈው ጠማማነቱን ለማየት ነበራ።

«እዚያ ቤት ብይ ሽቅብ ይንከባለላል።»
ብይ ሁሌም የሚወርደው ቁልቁል ነው። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ በሩ ሁሉ ሲያጋድል ዓይን ልኩን ያጣል፤ ቁልቁለቱ ዳገት ይመስላል። ቢራውም ሳያግዝ አልቀረም።

«ቅርስ ስለሆነ ሕግ ይጠብቀው ነበር።»
በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። «እንግዲያውስ ባለቤቱ እንዳሻው ያፍርሰዋ» ማለትም አይሠራም። ከ2017 ጀምሮ በእንግሊዝ ቅርስ ሆነም አልሆነም፣ መጠጥ ቤት ለማፍረስ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«እሳቱ ነው ያወደመው።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ የተነሳው ቅዳሜ ማታ ነው። ጣሪያው ቢሄድም ግድግዳው በአብዛኛው ቆሞ ነበር። ሰኞ ኤክስካቫተር መጥቶ ከመሬት ቀላቀለው። የአካባቢው ምክር ቤት እኔ የተስማማሁት ከላይኛው ፎቅ የፊት ገጽታ ጥቂቱ እንዲነሳ ብቻ ነው አለ። ደግሞ መጠጥ ቤትነቱ ከእሳቱ በፊትም አጠራጣሪ ነበር። ተዘግቶ፣ በጁላይ ለሌላ ባለቤት ተሸጦ ነበር።

«አንዴ ከፈረሰ አበቃ።»
ለንደን ያለውን ካርልተን ታቨርን ይመልከቱ። በ2015 ያለፈቃድ ፈረሰ። አፍራሾቹ እንደነበረ መልሱት ተባሉ፤ በ2021 በሩን ከፈተ። ለጠማማው ቤትም በፌብሩዋሪ 2024 ምክር ቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲሠራ አዘዘ፤ ባለቤቶቹ ይግባኝ አሉ። ትዕዛዙ የሚለው ከእሳቱ በፊት እንደነበረው ነው። ጠማማ ሆኖ ማለት ነው። ቱምቢውን ይዞ ሆን ብሎ አጋድሎ የሚገነባ ግንበኛ ይፈለጋል።